መጀመሪያ ቴክኒክ ዳይሬክተር ወይስ ዋና አሠልጣኝ? ለክለቡ ቦርድ የምናቀርበው የቅጥር ሐሳብ፦ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ
የእግር ኳስ ክለባችን ቦርድ ለሚቀጥለው የውድድር ዘመን ዋና አሠልጣኝና ቴክኒክ ዳይሬክተር (የአሠልጣኙን ሥራ የሚገመግምና ታዳጊዎቹን የሚከታተል ኃላፊ) ሊቀጥር ነው፤ የደጋፊ ማኅበራችንንም ሐሳብ በጽሑፍ ጠይቋል። ከአምስት ገጽ የማይበልጥ አንድ ሰነድ እናዘጋጅ። የመጀመሪያው ረቂቄ እንዲህ ይላል፦ «ዋና አሠልጣኙ ግንቦት ውስጥ ይቀጠር፤ ቴክኒክ ዳይሬክተሩ ከእሱ ጋር በመመካከር ይመረጥ።» እርማት ያላችሁ ጻፉ።

የቴክኒክ ንዑስ ኮሚቴ
ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ። አሠልጣኙ የመረጠው ቴክኒክ ዳይሬክተር አሠልጣኙን ሊገመግም አይችልም። አሠልጣኙ ሲሰናበትም አብሮት ይወጣል፤ የልምምድ መዝገቡ፣ የጉዳት ታሪኩና የዝውውር ዝርዝሩ በአንድ ሰው ላፕቶፕ ከክለቡ ይሄዳል። አዲስ የመጣው ሰው ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል።

በእኛ ሊግ፣ በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ፣ ሌላም ምክንያት አለ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው ስለሚካሄዱ ዋናው ቡድን ለሳምንታት ሆቴል ይከርማል። አዳማ ወይም ሐዋሳ የሰነበተ አሠልጣኝ እዚህ የቀረውን ከ20 ዓመት በታች ቡድን በምን ያየዋል? ከተማው ውስጥ የሚቀር፣ ታዳጊዎቹን በየሳምንቱ የሚከታተል፣ የሚቀጥለውን ተጋጣሚ ቪዲዮ አስተንትኖ የሚልክ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ቴክኒክ ዳይሬክተሩ ነው። ስለዚህ እሱ እስከ ሚያዝያ 30 ይቀጠር፤ አሠልጣኙን በሚመርጠው ኮሚቴ ውስጥም ድምፅ ይኑረው።

የፋይናንስ ንዑስ ኮሚቴ
በሐሳቡ እስማማለሁ፤ ቀኑ ግን ያስቸግራል። የከተማ አስተዳደሩ በጀት የሚጸድቀው ለሐምሌ 1 ነው። ሚያዝያ ላይ ውል ከተፈረመ የግንቦትና የሰኔ ደመወዝ ከየት ይከፈላል? ቦርዱ ከዘንድሮው በጀት የሁለት ወር ወጪ መኖሩን በደብዳቤ ሳያረጋግጥ ማስታወቂያ እንዳይወጣ ረቂቁ ውስጥ ይግባ።

አባል፣ ከሰሜን ቅርንጫፍ
እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። የውጭ አገር ሰው ነው የምንፈልገው ወይስ የአገር ውስጥ? ደጋፊው የሚጠይቀን እሱን ነው።

የቴክኒክ ንዑስ ኮሚቴ
ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ረቂቁ ውስጥ ግን የዜግነት ገደብ ባይኖር ይሻላል። የሊጋችንን የቅርብ ዓመታት ይመልከቱ። ኢትዮጵያዊው አሠልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ ጅማ አባ ጅፋርን በ2010፣ መቐለ 70 እንደርታን በ2011፣ ኢትዮጵያ መድንን ደግሞ በ2017 ሻምፒዮን አድርጓል። ሦስት የተለያየ አቅምና ባህል ያላቸው ክለቦች ናቸው። በ2014 ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘመኑን በሰርቢያዊው ዝላትኮ ክራምፖቲች ጀምሮ ቶሎ ተለያየ፤ ቡድኑን የተረከበው ምክትሉ ዘሪሁን ሸንገታ ዋንጫውን አነሣ፣ በ2015ም ደገመው።

ከዚህ የምወስደው «የውጭ አሠልጣኝ አይረባም» የሚለውን አይደለም። ዋናው ሰው ሲሄድ ቡድኑን የሚያውቅ ሰው በክለቡ ውስጥ ስለነበረ ዘመኑ አልባከነም። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጽፌዋለሁ፦ «ዋና አሠልጣኙ አንድ ምክትል ይዞ መምጣት ይችላል፤ ሁለተኛው ምክትል፣ የበረኞች አሠልጣኙና የቪዲዮ ተንታኙ የክለቡ ቅጥረኞች ናቸው፤ ውላቸውም ከዋናው አሠልጣኝ ውል ጋር አይያያዝም።» በየክለቡ የምናየው ግን አራትና አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ገብቶ በአንድ ጊዜ ሲወጣ ነው፤ ካሳውም አምስት እጥፍ ይሆናል።

የሕግ ንዑስ ኮሚቴ
ዜግነቱ በውሉ ላይ የሚያመጣው ልዩነት ግን ትልቅ ነው፤ ቦርዱ ሊያውቀው ይገባል። የውጭ ዜጋ አሠልጣኝ ከክለብ ጋር ሲከራከር ጉዳዩን ወደ ፊፋ መውሰድ ይችላል። የፊፋ የተጫዋቾች ደረጃና ዝውውር ደንብ ከጥር 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ አሠልጣኞችን የሚመለከት አባሪ 2 አለው። ለእኛ የሚከብዱት ነጥቦች እነዚህ ናቸው።

የውሉን ጸንቶ መኖር በሥራ ፈቃድ፣ በመኖሪያ ፈቃድ ወይም በአሠልጣኝነት ላይሰንስ ላይ ማንጠልጠል አይቻልም። «ላይሰንሱ ካልተረጋገጠ ውሉ ፈራሽ ነው» የሚል አንቀጽ ብንጽፍ አያድነንም፤ አስቀድሞ የማጣራት ግዴታ ያለበት ክለቡ ነው። ስለዚህ ማጣሪያው ከፊርማ በፊት ይለቅ፦ ላይሰንሱ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን ፌዴሬሽኑ በደብዳቤ ያረጋግጥ፤ ከሌላ አህጉር የመጣ ዲፕሎማ ከሆነ ከካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) ደረጃ ጋር መመጣጠኑ ይጣራ። በአህጉራዊ ውድድር ለመሰለፍ ካሰብን ከካፍ ኤ ላይሰንስ በታች ያለውን ዕጩ ከመጀመሪያው አንቀበል።

ሁለተኛው የደመወዝ ጉዳይ ነው። ሁለት ወር ያልተከፈለው አሠልጣኝ በጽሑፍ አስጠንቅቆ ቢያንስ 15 ቀን ከሰጠ በኋላ በበቂ ምክንያት ውሉን ማቋረጥ ይችላል፤ ቀሪውንም ይጠይቃል። የተወሰነው ገንዘብ በ45 ቀን ውስጥ ካልተከፈለ ክለቡ እስኪከፍል ድረስ፣ ቢበዛ እስከ ሦስት ተከታታይ የዝውውር መስኮት (ተጫዋች የሚመዘገብበት ጊዜ)፣ አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ ሊታገድ ይችላል።

አባል፣ ከሰሜን ቅርንጫፍ
እንግዲያው «አምስት ጨዋታ በተከታታይ ካላሸነፈ ያለ ካሳ ይሰናበታል» የሚል አንቀጽ እናስገባ። ክለቡን የሚጠብቀው እሱ ነው።

የሕግ ንዑስ ኮሚቴ
አይጠብቀውም። የውጤት ማነስ ብቻውን በአብዛኛው በቂ ምክንያት ተብሎ አይቆጠርም፤ እንዲህ ያለ አንቀጽ ይዞ የተከራከረ ክለብ የቀረውን የውል ዘመን ደመወዝ ለመክፈል ይጋለጣል። የሚሻለው መውጫውን ሲገባ መስማማት ነው፦ «ማንኛውም ወገን ከ10ኛው የሊግ ሳምንት በኋላ የሦስት ወር ያልተጣራ (ግብርና ጡረታ ያልተቀነሰለት) ደመወዝ ከፍሎ ውሉን ማቋረጥ ይችላል።» ልብ በሉ፣ «ማንኛውም ወገን» ነው ያልኩት። ለክለቡ ብቻ የሚያደላ ከሆነ ክርክሩን የሚያዩት የፊፋ ዳኞች ውድቅ ሊያደርጉት ይችላሉ።

የፋይናንስ ንዑስ ኮሚቴ
ይህን በቁጥር ላስቀምጠው፤ ቦርዱን የሚያሳምነው ቁጥር ነው። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ያልተጣራ ደመወዙ 300,000 ብር የሆነ አሠልጣኝ የሁለት ዓመት ውል ፈርሞ በ9ኛው ወር ቢሰናበት ቀሪው 15 ወር ነው፤ 4,500,000 ብር። በሦስት ወር መውጫ ግን 900,000 ብር። ልዩነቱ 3.6 ሚሊዮን ነው፤ የታዳጊ ቡድኑን ትጥቅ፣ ምግብና ትራንስፖርት አስቡበት።

ሌላው ስሕተት «የተጣራ» የሚለው ቃል ነው። ድርድር ላይ 200,000 የተጣራ ተብሎ ይጨበጣል፤ ሒሳብ ክፍል የሚሰማው በኋላ ነው። ከ14,000 ብር በላይ ያለው የወር ገቢ 35 በመቶ ይታክሳል፤ የሠራተኛው ጡረታ 7 በመቶ ነው። 200,000 በእጁ እንዲገባ ያልተጣራው 341,000 ገደማ መሆን አለበት። የአሠሪው 11 በመቶ ሲታከልበት ክለቡ በወር ወደ 379,000 ያወጣል። ስለዚህ ረቂቁ ላይ «ማንኛውም ድርድር ባልተጣራ ደመወዝ ብቻ ይካሄዳል» የሚለው ይስፈር።

በዶላር መዋዋል ደግሞ አይታሰብ። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 5,000 ዶላር የተዋዋለ ክለብ ምንም ሳይጨምር ወጪው ከ285,000 ወደ ግማሽ ሚሊዮን ብር ወጣ። የውጭ ዜጋ ከመጣ ክፍያው በብር ይሁን፤ በየስድስት ወሩ የሚታይ፣ ጣሪያውም 15 በመቶ የሆነ ማስተካከያ ይኑረው።

የቴክኒክ ንዑስ ኮሚቴ
ወደ ምርጫው ልመለስ። በየክለቡ የሚታየው መንገድ አንድ የቦርድ አባል ስልክ ደውሎ ሰው ያመጣል፣ ወይም ወኪል አሠልጣኙን ከአራት ተጫዋች ጋር አጅቦ ያቀርባል የሚል ነው። ያ አሠልጣኝ በወኪሉ ተጫዋቾች ላይ ነጻ ውሳኔ ሊሰጥ አይችልም። ዕጩው ወኪሉን በጽሑፍ ያሳውቅ፤ ከዚያው ወኪል በመጀመሪያው መስኮት ከአንድ ተጫዋች በላይ አይፈረም።

መራጭ ኮሚቴው አምስት ሰው ይሁን፦ ቴክኒክ ዳይሬክተሩ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ አንድ የቦርድ አባል፣ ከክለቡ ውጭ ያለ አንድ የካፍ ኤ ላይሰንስ ያለው ባለሙያ፣ የማኅበራችን አንድ ታዛቢ። ታዛቢው ድምፅ አይሰጥም፤ እኛ ውጤቱን ስንተች ነጻ ሆነን መቆየት አለብን።

ለመጨረሻ ዙር አራት ዕጩ ይበቃል። እያንዳንዱ ካለፈው ዘመን ሦስት ጨዋታችንን በቪዲዮ ይቀበላል፤ አንድ ያሸነፍንበት፣ አንድ የተሸነፍንበት፣ አንድ በመጨረሻ ደቂቃ ነጥብ የጣልንበት። ከአምስት ቀን በኋላ 40 ደቂቃ ያስረዳል። በማግሥቱ ከ20 ዓመት በታች ቡድኑን ለ60 ደቂቃ ያለማምዳል። ቃለ መጠይቅ ብቻ አንደበተ ርቱዕ ሰው ይመርጣል፤ ሜዳ ላይ ግን ልምምዱን ስንት ጊዜ አቆመ፣ ምን አረመ፣ የተሳሳተውን ልጅ እንዴት አናገረ የሚለው ይታያል። ከ100 ነጥብ ለልምምዱ 35፣ ለትንተናው 25፣ ለታዳጊ አጠቃቀም ታሪኩ 20፣ ለቀድሞ ውጤቱ 20 አስቤአለሁ።

የታዳጊዎች ክትትል
ለቀድሞ ውጤት 20 ያንሳል የሚሉ ይኖራሉ፤ እኔ ግን እደግፋለሁ፤ ውጤቱ ከነበረው በጀት ጋር ተያይዞ ካልታየ ያሳስታል። አንድ ነገር ጨምሩልኝ፦ በዓመት ቢያንስ ሁለት ታዳጊ በሊግ ጨዋታ በድምሩ 450 ደቂቃ እንዲሰለፉ ግብ ይቀመጥ፤ ጉርሻም ይታሰርበት። ቅጣት ግን አይሁን፤ ቅጣት ከሆነ የተሸነፍንበት ጨዋታ 88ኛ ደቂቃ ላይ ልጅ እያስገቡ ቁጥር መሙላት ይመጣል።

ጸሐፊ
የእናንተን ይዤ ረቂቁን ቀይሬዋለሁ። ቴክኒክ ዳይሬክተሩ ቀድሞ ይቀጠራል፤ የበጀት ደብዳቤው ከማስታወቂያ በፊት፣ የላይሰንስ ማጣሪያው ከፊርማ በፊት ይደርሳል፤ አሠልጣኙ እስከ ሰኔ 20 ይፈርማል። ከሐምሌ መጀመሪያ የሚነሣ የዝግጅት ጊዜና ሙሉ የዝውውር መስኮት የሚያገኘው ያኔ ነው። የሦስት ወር የአሠልጣኝ ክፍል ደመወዝ በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ የሚለውን እኔ ጨምሬአለሁ፤ ሁለት ወር ቢዘገይ የሚመጣውን ሰምተናልና።

ያልተስማማንበት አንድ ነው፦ መውጫው ከ10ኛው ሳምንት ይሁን ወይስ ከመጀመሪያው ዙር ማብቂያ። ሁለቱንም አማራጭ ጎን ለጎን ጽፌአቸዋለሁ። የሕግ ንዑስ ኮሚቴው እስከ ሐሙስ ማታ 12 ሰዓት የአንቀጹን ቃል አጥርቶ ይላክልኝ፤ ዓርብ ጠዋት ሰነዱ ማኅተም ተደርጎበት ለቦርዱ ጽሕፈት ቤት ይገባል።