የአማተር ሬዲዮ ክበባችን ቪዲዮ ድምፁ አስቸግሮኛል፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እዚህ ሜሪላንድ ያለው የአማተር ሬዲዮ (ለትርፍ ሳይሆን በፍላጎት በሬዲዮ የሚገናኙ ሰዎች) ክበባችን ወጣቶችን የሚስብ የ90 ሰከንድ ቪዲዮ እንድሠራ ኃላፊነት ሰጥቶኛል። የቀረጽኩት ፊልድ ዴይ ላይ ነው፣ በየዓመቱ በጁን የሰሜን አሜሪካ አማተሮች ሜዳ ወጥተው በባትሪና በጄኔሬተር የሚገናኙበት ቅዳሜና እሁድ። ምስሉ በጣም አሪፍ ነው። ችግሩ ድምፁ ላይ ነው።

ቪዲዮው ላይ ያለችው የሬዲዮ ኦፕሬተር በ14 ሜጋኸርዝ፣ በ100 ዋት መናገር ስትጀምር ከካሜራው ጋር ያገናኘሁት የማይክ ገመድ የሬዲዮ ሞገዱን ይስበዋል፤ ንግግሯን እየተከተለ ይጮኻል፣ መናገር ስታቆም ጸጥ ይላል። ለሚቀጥለው ገመዱን ፌራይት ቀለበት (እንዲህ ያለውን ሞገድ የሚያፍን መግነጢሳዊ ቀለበት) ላይ እጠመጥመዋለሁ። ያለውን ግን እንዴት ላድነው? በቪዲዮ ማቀናበሪያው ፕሮግራም በዳቪንቺ ሪዞልቭ ጩኸቱን ለመቀነስ ሞከርኩ፣ የሷንም ድምፅ አብሮ በላው።

እንደገና ቅረጽ እንዳትሉኝ። የሩቅ ጣቢያ ጥሪ ስትሰማ እርሳሷን አንስታ፣ ዓይኗን ጨፍና የምታዳምጥበት ቦታ አለ፣ እሱ በትወና አይመጣም። ድምፁን አውጥቼ በኋላ ትረካዋን ብቻ ብቀዳና ከሬዲዮው ድምፅ ጋር ባዋህደው ይሻላል? ወይስ የሚያጸዳው ፕሮግራም የምታውቁት አለ?