ክርክር፦ የዌልሱ ልዌሊን የበኩር ልጁን ከአልጋ መንቀሉ ልክ ነበር ወይ?

ርስተኛ፦ ለማያውቀው ባጭሩ (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1240 የሞተው የሰሜን ዌልስ፣ የግዊነዝ ገዢ ልዌሊን አፕ ዮርወርዝ ግሪፊዝን ከታንግዊስትል ወለደ፤ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አልተጋቡም። ታናሹን ዳቪዝን በ1205 ካገባት ከእንግሊዙ ንጉሥ ጆን ልጅ ከጆአን ወለደ። አልጋውን ለዳቪዝ ብቻ ሰጠ። ይህ በደል ነው! በዌልስ ሕግ አባቱ ልጄ ብሎ የተቀበለው፣ ከጋብቻ ውጭ ቢወለድም፣ ከወንድሞቹ ጋር ርስት ይካፈላል።

ቀለም፦ ርስት ሌላ፣ አልጋ ሌላ። የሕግ መጻሕፍቱ ራሳቸው «ኤድሊንግ» የሚሉትን አልጋ ወራሽ ያውቃሉ። ደግሞ መካፈል ምን እንደሚያመጣ ልዌሊን በቤቱ አይቶታል፤ አያቱ ኦዋይን በ1170 ሲሞት ልጆቹ ተፋጁ፣ እሱም ሥልጣን የያዘው በ1194 አጎቱን አሸንፎ ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ ሠራበት፦ በ1220 የእንግሊዙን ንጉሥ የሄንሪ ሣልሳዊን እውቅና፣ በ1222 የጳጳሱን ማጽደቂያ አገኘ፤ በ1226 የጆአንን ሕጋዊ ልጅነት ከሮም አስወሰነ፤ በ1238 የዌልስ ባላባቶችን በኢስትራድ ፍሊር ገዳም ለዳቪዝ አስማለ። ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?

የዳኛ ልጅ፦ ወረቀቱ ሙሉ ነው፤ ጉድለቱ የግሪፊዝ አያያዝ ላይ ነው። መሬት ሰጠው፣ በ1221 ነጠቀው፤ ከ1228 እስከ 1234 በዴጋኑዊ አሰረው፤ ፈትቶ የሊንን አገር ሰጠው። ቂም የያዘ፣ ተከታይ ያለው ሰው ተፈጠረ። ዳቪዝ መልሶ በክሪኪየዝ ሲያስረው ሚስቱ ሴናና ነሐሴ 1241 ሽሩዝበሪ ላይ ከሄንሪ ጋር ተዋዋለች፦ ባሏን ከእስር እንዲያወጣላትና ድርሻውን በፍርድ እንዲያይለት 600 ማርክ (400 ፓውንድ ማለት ነው)፣ መያዣ ደግሞ ሁለት ትንንሽ ልጆቿ። ሄንሪ ዘመተ፣ ዳቪዝ በዚያው ወር እጁን ሰጠ። ግሪፊዝ ግን ነፃ አልወጣም፤ ንጉሡ ወደ ለንደን ግንብ ወሰደው። መጋቢት 1 ቀን 1244 በተቋጠረ አንሶላ ሊወርድ ሲል ወድቆ ሞተ። ማስፈራሪያው ከንጉሡ እጅ ወጣና ዳቪዝ በዚያው ዓመት አመፀ። እዚህ ላይ አስተውሉ፤ ግሪፊዝ ለሄንሪ የሚጠቅመው በሕይወት እስካለ ድረስ ብቻ ነበር።

ርስተኛ፦ ታዲያ ከመጀመሪያው ድርሻውን ቢያገኝ ሴናና ንጉሥ ደጅ ባልጠናች ነበር!

ቀለም፦ ድርሻ ከተሰጠ በኋላ የሆነውንም ተመልከት እንጂ። ዳቪዝ በ1246 ያለ ልጅ ሞተ። በ1247 የግሪፊዝ ልጆች ኦዋይንና ልዌሊን ከኮንዊ ወንዝ ምዕራብ ያለውን ተካፈሉ፤ ምሥራቁን ንጉሡ ወሰደ። ሦስተኛው ወንድም፣ እሱም ዳቪዝ የሚባለው፣ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ድርሻዬን አለ። በ1255 ብሪን ዴርዊን ላይ ልዌሊን ሁለቱን ድል አድርጎ ብቻውን ያዘ። በ12 ዓመት ውስጥ ደግሞ በሞንትጎመሪ ውል «የዌልስ ልዑል» ተብሎ ታወቀ። በተከፈለ አገር ይህ ይገኛል?

የዳኛ ልጅ፦ ዋጋውን ዘለልከው። ለውሉ 25,000 ማርክ ሊከፍል ገባ፣ ያውም በየዓመቱ 3,000፤ ይህ ለተራራ አገር ከባድ ነው። ወንድሞቹም አልጠፉም። ሮድሪ በ1272 መብቱን በ1,000 ማርክ ሸጠ፤ ዳቪዝ በ1274 ሊያስገድለው ዶልቶ ወደ እንግሊዝ ሸሸ፤ ኦዋይን 22 ዓመት ታሰረ። በ1277 ኤድዋርድ ቀዳማዊ ልዌሊንን ሲያስገብር አንዱ ግዴታ ኦዋይንን መፍታትና ርስት መስጠት ነበር። የተሰጠው ርስት ሊን ነው፤ አባቱ ግሪፊዝ በ1234 ከእስር ሲወጣ ያገኘው ያው አገር።