የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ድጋፍ፦ ትውልድ ተተካ ወይስ ሰው ሐሳቡን ቀየረ?

ብሩክ_ዲሲ
ሰላም ለሁላችሁ። የሕዝብ አስተያየት በሚሰበስበው በጋሉፕ ድርጅት መጠይቅ መሠረት በአሜሪካ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን የሚደግፈው ሕዝብ በ1996 27 ከመቶ ነበር፤ በ2022 71 ደረሰ (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። አዛውንቱ እያለፉ ወጣቱ ስለተተካ ነው ወይስ ያው ሰው አቋሙን ስለለወጠ? በምን ይለያል?

ሠንጠረዥ
ሁለቱም አለበት፤ የሚያመዝነው ግን የአቋም ለውጡ ነው። ለመለየት መላሾቹን በዕድሜ ሳይሆን በተወለዱበት ዘመን ክፈሏቸው። በ1996 «ከ60 በላይ» የተባሉትና በ2022 እንዲያ የተባሉት ሌላ ሰዎች ናቸው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። በ1940ዎቹ የተወለዱትን ብቻ ነጥላችሁ ከመጠይቅ መጠይቅ ተከተሉ። ለውጡ መተካካት ብቻ ቢሆን ድጋፋቸው ባለበት ይቆም ነበር፤ እሱ ግን ይጨምራል። ደግሞ ሰው ጠያቂ ሲሰማው መልሱን ያሳምራል፤ በስልክ የተሰበሰበውንና ለብቻ በኢንተርኔት የተሞላውን አትደባልቁ።

ህሊና ተ.
ለምን ለወጡ ለሚለው፣ ትልቁ ነገር መተዋወቅ ነው። ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ልጅ በወግ አጥባቂውም በሃይማኖተኛውም ቤት ይወለዳል፤ ራሱን ሲገልጥ ጉዳዩ የቤተሰብ ይሆናል። ችግሩ፣ ሰው ራሱን የሚገልጠው ይቀበለኛል ለሚለው ሰው ነው፤ ስለዚህ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ በመጠይቅ ብቻ አይለይም። ለዚህ ነው በአሜሪካዋ ማያሚ የተደረገው ሙከራ የሚጠቅመው። በ2016 በ«ሳይንስ» መጽሔት የወጣ ሲሆን ርዕሱ የትራንስጀንደር ሰዎች (ሲወለዱ ከተሰጣቸው ፆታ የተለየ ፆታ እንዳላቸው የሚሰማቸው) ጉዳይ ነበር። ቀስቃሾች በር አንኳኩተው ከቤቱ ሰው ጋር 10 ደቂቃ ያህል ያወራሉ፦ መጀመሪያ አስተያየቱን ይጠይቃሉ፣ ሳይፈርዱ ያዳምጣሉ፣ ከዚያ «ከሰው ተለይተህ የተፈረደብህ ጊዜ አለ?» ብለው የራሱን ገጠመኝ ያስወጣሉ፣ መጨረሻ ላይ ከጉዳዩ ጋር ያገናኙታል። የሰዎቹ ጥላቻ ቀነሰ፤ ውጤቱም ቢያንስ 3 ወር ቆይቷል። ከዚያ በፊት በ2014 የወጣውን ተመሳሳይ ጥናት ግን አትጥቀሱ፤ መረጃው ስላልታመነ በ2015 ተሰርዟል።

የኢትዮጵያን ነገር ለምታነሱ፦ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግብረ ሥጋን ይቀጣል። ራሱን የሚገልጥ ሰው እስርን፣ ከቤት መባረርንና ድብደባን ይፈራል። ስለዚህ ይህ የመተዋወቅ መንገድ ገና ከመነሻው ዝግ ነው፤ የሚጎዱትም የኛው ልጆች ናቸው።

ዳዊት_ሕግ
ሕጉ ራሱስ? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጋብቻውን በመላ አገሪቱ ከፈቀደበት ከ2015ቱ ውሳኔ ጋር ተያይዞ በተደረገ ጥናት፣ ሰዎች «ሌላው አሜሪካዊ ይደግፋል» የሚለው ግምታቸው ወዲያው ጨመረ፤ የራሳቸው አቋም ግን በዚያን ሰሞን አልተነቃነቀም። ፍርድ ቤት በቶሎ የሚቀይረው የሌላውን ግምት ነው። አየርላንድ በሌላ መንገድ ሄደች፦ 66ቱ በዕጣ የተመረጡ ዜጎች የሆኑበት የ100 ሰው ጉባኤ መከረበት፣ ከዚያ በ2015 በሕዝበ ውሳኔ 62 ከመቶው ደገፈ።

ብሩክ፣ 71 ላይ አትቁም። በ2025 68 ነበር፤ የሪፐብሊካን ፓርቲ ደጋፊዎችን ለብቻ ካየህ ደግሞ በ2022 ከነበረው 55 በ2025 ወደ 41 ወርዷል። አማካዩን ብቻ የያዘ ሰው ይህን መለያየት አያየውም።