ሳቫና ላይ ዝናብ «ገባ» የሚባለው ከየትኛው ቀን ነው?

ታዛቢው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሳቫና (ዛፍ አልፎ አልፎ የሚታይበት የሞቃት አገር የሣር ምድር) አንድ የዝናብ፣ አንድ የደረቅ ወቅት አለው ይባላል። ታንዛኒያ ያለውን የሴሬንጌቲን ወርኃዊ ዝናብ በግራፍ ሳወጣው ግን ሁለት ጉብታ ይታየኛል፤ ዛምቢያ ላይ አንድ ብቻ። መረጃው ተበላሽቶ ይሆን? ሌላው ደግሞ፣ በደረቁ ወቅት መጨረሻ አንድ ቀን 30 ሚሊ ሜትር ይጥልና ለሁለት ሳምንት ጠብታ የለም። ዝናቡ ገባ ብዬ የምቆጥረው ከየት ነው?

ሣርምድር፦
መረጃህ ደህና ነው። ዝናቡ ከሰሜንና ከደቡብ የሚነፍሱት ነፋሳት የሚገናኙበትን ቀበቶ ይከተላል፤ ቀበቶው ደግሞ ከፀሐይ ጥቂት ሳምንታት ዘግይቶ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል። ፀሐይ ከምድር ወገብ አናት ላይ የምትውለው መጋቢት 11 እና መስከረም 12 ገደማ ነው (ወራቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ስለዚህ እንደ ሴሬንጌቲ ወገቡ አጠገብ ያለ አገር ቀበቶው ሲሄድም ሲመለስም ያገኘዋል፦ ረጅሙ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ። ዛምቢያ ቀበቶው ከሚዞርበት የደቡብ ጫፍ ስለምትቀርብ ከኅዳር እስከ መጋቢት አንድ ወቅት ብቻ አላት። ሳህል (ከሰሃራ በረሃ በስተደቡብ ያለው ቀበሌ) በተቃራኒው፣ በሰሜኑ ጫፍ ነው፤ ዝናቡ ሰኔ ገብቶ ነሐሴ ላይ ይበረታል።

ዝናብ_ለኪ፦
ሁለተኛውን ጥያቄ ልመልስ። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት መስፈርት ይህ ነው፦ በ3 ተከታታይ ቀናት ውስጥ ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር መዝነብ አለበት፤ በቀጣዮቹ 30 ቀናት ደግሞ ከ10 ቀን በላይ የዘለቀ ደረቅ ጊዜ መኖር የለበትም። ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ያገኘ ቀን እንደ ደረቅ ይቆጠራል። ያንተ 30 ሚሊ ሜትር የመጀመሪያውን ያልፋል፣ ሁለተኛው ላይ ይወድቃል፤ የዝናቡ መግቢያ አይደለም ማለት ነው።

ምክንያቱን አፈሩ ላይ ማየት ይቻላል። 30 ሚሊ ሜትር ማለት በካሬ ሜትር 30 ሊትር ነው። በዚያ ሙቀት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢተን እንኳ በ6 ቀን አለቀ። የበቀለው ሣር ሥሩን ሳይሰድ ይጠወልጋል።

የየዓመቱን መግቢያ ለየብቻ አውጣ። መጀመሪያ የዓመታቱን አማካይ ወስደህ ከዚያ መግቢያውን ብትፈልግ ደረቁ ጊዜ በሌላ ዓመት ዝናብ ይሸፈንና ቀኑ ይሳሳታል። ሁለት ወቅት ባለበት ቦታ ለእያንዳንዱ ወቅት የፍለጋ መነሻ ቀን መወሰን ግድ ነው፤ አለበለዚያ የረጅሙን ዝናብ ጭራ የአጭሩ መግቢያ አድርገህ ትይዘዋለህ።

ሣርምድር፦
ልክ ነው። ሴሬንጌቲን በአንድ ጣቢያ መወከል ግን አይቻልም። ደቡብ ምሥራቁ የንጎሮንጎሮ ደጋ ዝናቡን ስለሚከልለው በዓመት 500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው የሚያገኘው፤ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ሲጠጉ 1000 ያልፋል። አጭሩ ዝናብ ደግሞ ባሕሪው አይጨበጥም፤ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ሲሞቅ ይጎርፋል (እ.ኤ.አ. 1997 እና 2019)፣ ሲቀዘቅዝ ይጠፋል። ኤልኒኖ (የፓሲፊክ ውቅያኖስ የወገብ ክፍል ከወትሮው ሲሞቅ የሚከሰተው) ምሥራቅ አፍሪካን ሲያረጥብ ደቡባዊ አፍሪካን ያደርቃል፤ ዛምቢያን እ.ኤ.አ. በ2023/24 የመታት ድርቅ የዚህ ውጤት ነበር።

ታዛቢው፦
በመስፈርቱ ደግሜ ሠራሁት። አንዱ ዓመት ላይ ግን መግቢያ ጭራሽ አይወጣም።

ዝናብ_ለኪ፦
መጀመሪያ ዜሮዎቹን ፈትሽ። ያልተለካ ቀን ባዶ መተው ሲገባው 0 ተሞልቶ ይገኛልና አንድ ወር ሙሉ ደረቅ ያስመስለዋል። ዜሮዎቹ እውነተኛ ከሆኑ ዓመቱን አትጣለው፤ ወቅቱ ከሽፏል ብለህ መዝግበው።