የካሜራ ዕቃን በሄዱበት ሁሉ መያዝ ይገባል ወይ?

ጥያቄ፦ ከ«ማለዳ ብርሃን»

ፎቶግራፍ መተዳደሪያዬ ባይሆንም ከሥራ ሰዓት ውጭ ያለኝን ጊዜ አብዛኛውን የምሰጠው ለእርሱ ነው። ያለኝ ዕቃ አንድ ፉል ፍሬም ሚረርለስ (ሰንሰሩ ማለትም ብርሃን ተቀባዩ ትልቅ የሆነ፣ ውስጡ መስታወት የሌለው) ካሜራ፣ 24–70 እና 70–200 ሚሊሜትር የሆኑ ሁለት ዙም ሌንሶች (ቁጥሩ ሲያንስ ሰፊ ቦታ ያሳያል፤ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል)፣ አንድ ትንሽ 50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ፍላሽና ቀለል ያለ ትሪፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ሲሆን፣ ሁሉም ከነቦርሳው ሲመዘን ወደ ስድስት ኪሎ ግራም ይጠጋል። ወደ መሥሪያ ቤት ስሄድም፣ ዘመድ ስጠይቅም፣ ለአጭር ጉዳይ ስወጣም ይህን ቦርሳ እንዳለ እሸከመዋለሁ።

ይህን የማደርገው ጥሩ ብርሃን ቀጠሮ ስለማይሰጥ ነው። ከዝናብ በኋላ ደመናው ሲገለጥ የሚወጣው ብርሃን፣ ሰው ቤቱ ሄዶ ካሜራ ይዞ እስኪመለስ አይቆይም። ይሁን እንጂ ትከሻዬን ያመኝ ጀምሯል፤ ከሰው ጋር ስቀመጥም ግማሹ ሐሳቤ ከቦርሳው ጋር ነው። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ደግሞ ቦርሳው ብዙ ጊዜ ሳይከፈት ውሎ መግባቱ ነው። ትቼው ስወጣ በበኩሉ የማየው ነገር ሁሉ ያስቆጨኛል። እናንተ ምን እንደምትይዙና ምን እንደምትተዉ በምን ትወስናላችሁ? ስልክ ይበቃል የምትሉስ አላችሁ?

ምላሽ፦ ከ«ጥቁርና ነጭ»

በጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ጉዳዮች የተቀላቀሉ ይመስለኛል። ካሜራ ሁልጊዜ መያዝ አንድ ነገር ነው፤ ያለዎትን ዕቃ ሁሉ ሁልጊዜ መያዝ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያውን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ፤ ሁለተኛውን ግን ለማንም አልመክርም።

ትንሹ ካሜራ ራሱ የተፈጠረው እርስዎ ዛሬ ከገጠመዎት ችግር ነው ማለት ይቻላል። ኦስካር ባርናክ የተባለው ጀርመናዊ ጤናው ደካማ ስለነበር፣ በዘመኑ የነበረውን ከባድ ባለ መስታወት ሰሌዳ ካሜራ ተሸክሞ መንቀሳቀስ ያስቸግረው ነበር። ስለዚህም ለሲኒማ የሚያገለግለውን 35 ሚሊሜትር ፊልም የሚጠቀም ትንሽ ካሜራ ሠራ፤ ይኸው ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1925 ላይካ በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። አሁን ፉል ፍሬም የምንለው የ24 በ36 ሚሊሜትር መጠንም በእርሱ አማካይነት የተስፋፋ ነው። ዝነኛው ፈረንሳዊ ፎቶግራፍ አንሺ አንሪ ካርቲየ ብሬሶን አብዛኛውን ሥራውን ያከናወነው በዚህ ዓይነት ካሜራና በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ነበር። ያ ሌንስ በእርስዎም ቦርሳ ውስጥ አለ።

ካሜራውንና 50 ሚሊሜትሩን ብቻ ቢይዙ ሸክሙ ከአንድ ኪሎ ግራም አይበልጥም፤ በተራ ቦርሳ ውስጥም ይገባል። ከክብደቱ መቅለል ይልቅ እኔ የማደንቀው ግን በዓይን ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ነው። አንድን ሌንስ ለረጅም ጊዜ የያዘ ሰው ካሜራውን ወደ ዓይኑ ሳያነሳ በፊት ሥዕሉ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ያውቃል፤ ስለዚህ የሚቆምበትን ቦታ በእግሩ ይመርጣል። ሦስት ሌንስ የያዘ ሰው ግን የትኛውን ላድርግ እያለ ሲያመነታ የሚነሳው ነገር ያልፈዋል። ቦርሳዎ ሳይከፈት የሚውለው በዚህ ምክንያት እንዳይሆን እጠረጥራለሁ።

50 ሚሊሜትር ለጠባብ ቦታ አይመችም ካሉ፣ ሌንሳቸው የማይለወጥ ትንንሽ ካሜራዎችን ይመልከቱ። ለምሳሌ ሪኮህ ጂአር 3 ከነባትሪው 257 ግራም ብቻ ሲሆን፣ በፉል ፍሬም ልክ ሲታሰብ የ28 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ያሳያል። እንዲህ ባለው ካሜራ አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) ጠበብ አድርገው ኤፍ 8 ላይ፣ ፎከሱን (ምስሉ የሚጠራበትን ርቀት) ሁለት ሜትር ላይ አስቀምጠው ቢተዉት፣ ከአንድ ሜትር አንስቶ እስከ ሩቅ ያለው ሁሉ በበቂ ሁኔታ ጥርት ብሎ ይወጣል። ካሜራውን ከኪስ አውጥቶ እስከ ማንሳት ያለው ጊዜ ያን ያህል ያጥራል።

ስልክን አልንቅም። እ.ኤ.አ. በጥር 2009 ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ሃድሰን ወንዝ ላይ ባረፈ ጊዜ ዓለምን ፈጥኖ ያዳረሰው ፎቶግራፍ ከጀልባ ላይ በስልክ የተነሳ ነበር። ሆኖም በትልልቅ ስልኮች ላይ እንኳ የዋናው ካሜራ ሰንሰር 10 በ7 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የእርስዎ ካሜራ ሰንሰር በስፋት አሥራ ሁለት እጥፍ ያህል ይበልጠዋል። ስልኩ ይህን ጉድለት የሚሞላው ብዙ ምስሎችን በተከታታይ አንስቶ በማዋሐድ ነው፤ በደብዛዛ ብርሃን የሚንቀሳቀስ ሰው ሲነሳ ግን ይህ ዘዴ መልኩን ያደበዝዘዋል። በቀን ብርሃን ለማስታወሻ ይበቃል፤ አስፍተው አትመው ግድግዳ ላይ ለሚሰቅሉት ሥራ ግን አልተማመንበትም።

ምላሽ፦ ከ«ባለ ረጅሙ ሌንስ»

ከላይ የተሰጠው ምክር በመንገድ ላይ ሰዎችን ለሚያነሳ ሰው ትክክል ነው፤ ለሁሉም ግን አይሠራም። እኔ የማነሳው ወፎችን ስለሆነ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ይዞ መውጣት ባዶ እጅ ከመውጣት አይለይብኝም። ስለዚህ ከመወሰንዎ በፊት በእውነት የሚያነሱት ምን እንደሆነ ከራስዎ ፋይሎች ያረጋግጡ። እያንዳንዱ ምስል የተነሳበትን ሌንስና የትኩረት ርዝመት (በሚሊሜትር የሚነገረውን ቁጥር) በውስጡ መዝግቦ ይይዛል፤ እንደ ላይትሩም ባሉ የፎቶግራፍ ማደራጃ ፕሮግራሞች ምስሎቹን በሌንስ ለይቶ ማየት ይቻላል። ታዲያ ያነሷቸውን ሁሉ ሳይሆን ወደዷቸው ያስቀሯቸውን ብቻ ለይተው ይመልከቱ። 70–200ው በእነዚያ ውስጥ እምብዛም ካልታየ፣ ለታቀደ ጉዞ ካልሆነ በቀር ከቤት መውጣት አያስፈልገውም።

ትሪፖዱንም በዚሁ መንገድ ይመዝኑት። ያለ ትሪፖድ የማይሆኑ ሥራዎች ጥቂት ናቸው፦ የሌሊት ሰማይ፣ ሹተሩ (የካሜራው የብርሃን መዝጊያ) ለረጅም ጊዜ እንዲከፈት የሚፈልግ ወራጅ ውኃና የመሳሰሉት። እነዚህን ደግሞ ሰው አስቦበት እንጂ በድንገት አያነሳቸውም።

ምላሽ፦ ከ«ዝምተኛ ዓይን»

እኔ ደግሞ ካሜራ ሆን ተብሎ የሚተውበት ቀን ሊኖር ይገባል ከሚሉት ወገን ነኝ። ሊንዳ ሄንከል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ሙዚየም ውስጥ ዕቃዎችን ፎቶግራፍ እያነሱ የተዘዋወሩ ሰዎች ያነሷቸውን ዕቃዎች፣ እንዲሁ ቆመው ከተመለከቷቸው ያነሰ አስታውሰዋል። በዚሁ ጥናት የዕቃውን አንድ ክፍል ብቻ በዙም አቅርበው ያነሱት ግን የማስታወስ ችሎታቸው አልቀነሰም። እኔ ከዚህ የምረዳው የሚጎዳው ማንሳቱ ሳይሆን ሳያስተውሉ ማንሳቱ መሆኑን ነው፤ ጉዳት የሌለው በእጅ ስላለ ብቻ የማይከፈት ካሜራ ነው።

ከማስታወስ ሌላ የሰዎችም ጉዳይ አለ። እርስዎ ራስዎ ግማሽ ሐሳብዎ ከቦርሳው ጋር እንደሆነ ጽፈዋል፤ አብሮዎት የተቀመጠው ሰው ይህን አይስተውም። ለቅሶ ቤት፣ የታመመ ሰው ዘንድ፣ ወይም አንድ ሰው ምስጢሩን ሊያካፍልዎ በጠራዎት ጊዜ ካሜራው ቤት ቢቀር የሚያጡት ነገር ያለ አይመስለኝም። በእንዲህ ያለ ቦታ ቢነሳ እንኳ ለማንም የማይታይ ሥዕል ነው።

ምላሽ፦ ከ«ጥቁርና ነጭ»

በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን መተውን ልማድ ማድረግ አደጋ አለው። ፎቶግራፍ አንሺዋን ቪቪያን ማየርን ያስታውሱ። በቺካጎ በሞግዚትነት እየሠራች ሮሌፍሌክስ ካሜራዋን በየሄደችበት ይዛ ትወጣ ነበር፤ ሥራዎቿ እ.ኤ.አ. በ2007 በሐራጅ ተሸጠው ከወጡ በኋላ ከ100,000 በላይ ኔጋቲቭ እንዳነሳች ታወቀ። ያ ካሜራ ሌንሱ አይለወጥም፤ በደረት ወይም በወገብ ከፍታ ተይዞ ከላይ ወደ ታች ስለሚታይበትም ፊትን አይሸፍንም። ለዕለት ተዕለት የሚሆን ካሜራ ሲመርጡ ይህ የመጨረሻው ባሕርይ ሊታሰብበት ይገባል፤ የዛሬዎቹ ታጣፊ ስክሪኖችም ይህንኑ ጥቅም ይሰጣሉ።

ምላሽ፦ ከ«ደረቅ ቁምሳጥን»

ስለ ዕቃው ደኅንነት ጥቂት ልጨምር። ካሜራን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተው ለስርቆት ከማጋለጡም በላይ ሙቀቱ ባትሪውንና የሌንሱን ቅባት ይጎዳል። ከብርድ ወደ ሞቃትና እርጥበት ያለበት ክፍል ሲገቡ ቦርሳውን ወዲያው አይክፈቱ፤ ዕቃው የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ካልታገሡ ጤዛ ይቋጥራል። እርጥበት ባለበት ቦታ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የሚቀመጥ ሌንስ ሻጋታ ስለሚያበቅል፣ ቤት የሚቀሩትን ሌንሶች እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር ያስቀምጧቸው። በአውሮፕላን ሲጓዙ ደግሞ ትርፍ የሊቲየም ባትሪዎች በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀዱም።

ከጠያቂው፦ «ማለዳ ብርሃን»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ምስሎቼን በተባለው መንገድ ለይቼ ተመለከትኩ፤ ካስቀረኋቸው ውስጥ አብዛኞቹ ከ35 እስከ 50 ሚሊሜትር ባለው ርዝመት የተነሱ ናቸው። ስለዚህ ለዘወትር ካሜራውንና 50 ሚሊሜትሩን ብቻ ልይዝ ወስኛለሁ። አንድ ጥያቄ ግን ቀርቶኛል፦ ዘመድ ሠርግ ላይ እንድገኝ ተጠርቻለሁ፤ ሌላ ባለሙያ ፎቶግራፍ አንሺም አለ። ዙሙን ልያዝ?

ምላሽ፦ ከ«ባለ ረጅሙ ሌንስ»

ፎቶግራፍ እንዲያነሱ ካልተጠየቁ አይያዙ። በሥነ ሥርዓቱ ጊዜ ቦታውን ለባለሙያው ይልቀቁለት፤ ፍላሽዎም የእርሱን ብርሃን እንዳያበላሽበት ቤት ይቅር። እርሱ ከሙሽሮቹ ጋር ሲዋከብ የማያያቸው ብዙ ሰዎች አሉና፣ በ50 ሚሊሜትሩ አያቶቹንና ጥግ ይዘው የሚጫወቱትን ልጆች ያንሱ።