እናቴ መድኃኒታቸውን ያቋርጣሉ

ጥያቄ (ከደሴ)፦ የ72 ዓመቷ እናቴ ለደም ግፊት አምሎዲፒን፣ ለስኳር ሜትፎርሚን ታዝዞላቸዋል፤ ይሁን እንጂ ራስ ምታቱ ሲተዋቸው «ድኛለሁ» ብለው ያቆማሉ፣ ረመዳን ሲገባማ ጨርሶ ይተዉታል። ሳላስቀይማቸው እንዴት ላግዛቸው?

መልስ 1፦ የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ስለማያሳይ፣ የራስ ምታቱ መጥፋት ግፊቱ መውረዱን አያረጋግጥም። አምሎዲፒን በቀን 1 ጊዜ የሚወሰድ በመሆኑ ከማፍጠሪያው ጋር ማያያዝ ይቻላል፤ ሜትፎርሚን ግን ከምግብ ጋር የሚወሰድ ስለሆነ፣ የኢፍጣሩንና የሱሑሩን መጠን ሐኪማቸው ከጾሙ በፊት ይወስንላቸው።

መልስ 2፦ የኮምቦልቻዋ አክስቴ ክኒናቸውን የተዉት እግራቸው ስላበጠ ነበር፤ ለእኛ ግን ትንፍሽ አላሉም (የእኛ እናቶች ሕመማቸውን ለልጅ መቼ ይናገራሉ!)። እብጠቱ የታወቀ የአምሎዲፒን የጎንዮሽ ጉዳት በመሆኑ ሐኪሙ ሌላ ቀየረላቸው።

ጠያቂው፦ ዛሬ ቡና ላይ ጠየቅኋቸው፤ ለካ ዋጋው አሳስቧቸው ክኒኑን እየቆጠቡ ኖሯል።