አዲስ የፍቅር ልብወለድ እያነበብኩ አስተያየት መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ጎንደር ሆኜ እንዴት ልጀምር?

ጠያቂ፦ የማራኪዋ አንባቢ

ሰላም ለሁላችሁ። ነዋሪነቴ ጎንደር ነው። ቀን ቀን ፋርማሲ እሠራለሁ፣ ማታ ማታ የፍቅር ልብወለድ አነባለሁ። ጓደኞቼ «ምን ላንብብ?» ሲሉኝ በቃል የምነግራቸውን በጽሑፍ አድርጌ ትንሽ የቴሌግራም ቻናል ልከፍት አምሮኛል። ለገንዘብ አይደለም፣ ለትርፍ ጊዜ ነው። ትኩረቴም አዲስ የወጡት ላይ ነው። ስለቆዩት መቼም ያልተባለ የለም።

የቸገረኝን ልንገራችሁ። መጽሐፉ አዲስ አበባ ተመርቆ እዚህ እስኪደርስ ወሬው ይበርዳል። ሲደርስም ዋጋው አይቀመስም። ለመጻፍ ስቀመጥ ደግሞ ብዕሬ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መዘርገፍ ይቃጣዋል። ከሁሉም የባሰው፣ አንዷ ደራሲ በቅርብ የማውቃት ልጅ ናት። መጽሐፏን ፈርማ ሰጥታኛለች። እውነቱን ለመናገር አልጣመኝም። ምን ብዬ ልጻፍ?

መልስ፦ ዕልባት

ስለ መጽሐፍ ማግኘቱ እኔ ልበል። እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ያሉ መጽሐፍ ሻጮች የሚያስመጡት ገበያውን አይተው ነው። «እገሌ የሚባል መጽሐፍ አለ?» ብለሽ፣ «የለም» ሲሉሽ አትውጪ። ርዕሱን፣ የደራሲውን ስምና ስልክሽን ጽፈሽ ተዪላቸው። አንድ ርዕስ ሦስት አራት ሰው ከጠየቀ በሚቀጥለው ያስመጡታል።

ሁለተኛው መንገድ ሰው ነው። ከአዲስ አበባ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ለአንድ ነጠላ መጽሐፍ የመላኪያ መክፈል አያዋጣም። ለጥምቀት ግን ከተማው በእንግዳ ይሞላል። ከታኅሣሥ ጀምረሽ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ዝርዝር ላኪ፣ ገንዘቡን በቴሌብር አስገቢላቸው። እኔ የዓመት ንባቤን ግማሽ የምሰበስበው በጥር ነው። የማያነብ አጎት እንኳ መጽሐፍ መሸከም አያቅተውም።

ስትገዢ ደግሞ ሽፋኑን ብቻ አትመኚ። ገለጥ አድርገሽ የዕትሙን ገጽ እይ። «ሁለተኛ ዕትም» የሚል ካለ ሽፋኑ ተቀየረ እንጂ መጽሐፉ አዲስ አይደለም። «አዲስ ወጣ» ብለሽ ከጻፍሽ በኋላ አንዱ ተነስቶ «ይሄን እኮ ከአምስት ዓመት በፊት አንብቤዋለሁ» እንዳይልሽ።

መልስ፦ የቀሃው

ወደ አጻጻፉ እንምጣ። ከታሪኩ ሩቡን ብቻ ተርኪ። እሱ ማነው፣ እሷስ ማናት፣ የት ተገናኙ፣ ምን ከለከላቸው። እዚያ ላይ አቁሚ። የቀረው ቦታሽ «እንዴት ተጻፈ?» ለሚለው ይሁን።

ስታነቢ እርሳስ ያዢ። ልብሽን የነካው ቦታ ላይ ጭረት፣ «ኧረ ባክህ!» ያሰኘሽ ቦታ ላይ ክብ። ሲያልቅ ምልክቶቹን ብቻ ተመልሰሽ አገላብጪ። ክቦቹ ከመሃል በኋላ ከበዙ ደራሲው ለመጨረስ ቸኩሏል ማለት ነው። ጭረቶቹ ሁሉ ስለ ጎን ገጸ ባሕርይ ከሆኑ ደግሞ ዋናዎቹ ፍቅረኛሞች አልያዙሽም። አስተያየትሽ ከዚያ ይወጣል፣ ባዶ ወረቀት ላይ አታፈጪም።

የፍቅር ልብወለድ ላይ እኔ መጀመሪያ የምፈትሸው ለምን እንደተዋደዱ ነው። «ዐይኗን ሲያይ ደነገጠ» ለመነሻ ይሆናል እንጂ 300 ገጽ አይሸከምም። ቀጥሎ መሰናክሉን አያለሁ። አንድ ስልክ ቢደዋወሉ የሚፈታ አለመግባባት ላይ መጽሐፉ በሙሉ ከቆመ ጉድ ነው። ቤተሰብ፣ ስደት፣ ሃይማኖት፣ የኑሮ ልዩነት ሲሆን ግን አንባቢውም አብሮ ይጨነቃል። ከዚያ ንግግሩ። የተናጋሪዎቹን ስም በጣትሽ ሸፍነሽ አንብቢው። እሱ ይሁን እሷ መለየት ካቃተሽ ሁለቱም በደራሲው አፍ ነው የሚያወሩት። ይህንን ከነገጹ ጻፊው።

አንድ ብልጫ ደግሞ አለሽ። መቼቱን ጎንደር ያደረገ ልብወለድ ሲወጣ እንዳንቺ የሚፈትሸው የለም። ፍቅረኛሞቹ በግንቦት አፄ ፋሲል መዋኛ ዳር ተቀምጠው ጨረቃዋን ውኃው ላይ ካዩ፣ ደራሲው ከተማችንን የሚያውቃት በፎቶ ነው። ገንዳው ከቀሃ ወንዝ ውኃ የሚሞላው ለጥምቀት መሆኑን እዚህ ሕፃን ያውቀዋል። ልጅቷ ከአዘዞ ፒያሳ በእግሯ በአምስት ደቂቃ ከች ካለች ደግሞ፣ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው እኮ፣ ከፍቅሩ ይልቅ ሩጫው ይገርማል።

መልስ፦ ጡረተኛው መምህር

የቀሃው ያልከው ደግ ነው። ብቻ ልጄ፣ የገንዳ ውኃ ስትለኪ ልቡ እንዳያመልጥሽ። ከተማዋን በትክክል ስሎ ፍቅሩን ያልሳለ መጽሐፍም ሞልቷል።

እኔ የማነሳው የታሪኩን መጨረሻ ነው። አንዳንድ ወጣቶች የፈረንጁን ሚዛን እንዳለ ሲጠቀሙበት አያለሁ። በ1980 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአሜሪካ የፍቅር ልብወለድ ጸሐፍት ማኅበር ለዘውጉ በሰጠው ትርጉም ሁለት ነገር ይፈለጋል፤ የታሪኩ እምብርት ፍቅር እንዲሆን፣ መጨረሻውም ተስፋ ያለውና አንባቢን የሚያረካ እንዲሆን። ለእነሱ ገበያ ልክ ነው። አንባቢው የሚገዛው ያንን ቃል ተማምኖ ነው። እኛ ዘንድ ግን በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በዚህ ሚዛን ሊወድቅ ነው። በዛብህና ሰብለ ወንጌል መች አብረው አረጁ?

ስለዚህ «መጨረሻው ያሳዝናል» ብለሽ ነጥብ አትቀንሺ። ጠይቂ፤ ሞቱ ከታሪኩ ውስጥ በቅሎ ነው ወይስ ደራሲው መውጫ ሲያጣ መጨረሻው ገጽ ላይ የመኪና አደጋ አመጣ? የመጀመሪያው ያስለቅሳል፣ ሁለተኛው ያናድዳል።

መልስ፦ ሻይ በዝንጅብል

መምህር ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ውዬ ማታ የማነበው ሰው እንዲሞትብኝ አይደለም። 400 ብር ከፍዬ ላልቅስ? ሞት ካለበት ይነገረኝ።

እህቴ፣ ለሁለታችንም የሚሆን ዘዴ አለ። ቴሌግራም ላይ የጽሑፍሽን የተወሰነ ክፍል መርጠሽ መሸፈን ትችያለሽ። ማየት የፈለገ ነካ ሲያደርገው ይገለጥለታል። «መጨረሻውን ማወቅ ለሚፈልግ» ብለሽ ጻፊና ከዚያ በታች ያለውን ሸፍኚው።

ጡረተኛው መምህር፦ ይኼ ጥሩ መላ ነው። እኔ ግን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያዳመጥኩት መጨረሻውን እያወቅሁ ነበር። እንባዬን አላስቀረልኝም።

መልስ፦ የአዘዞዋ

ማንም ያልነካውን የደራሲዋን ነገር ልንካው። ሁለት ምርጫ አለሽ። አንዱ አለመጻፍ ነው። ያነበብሽው ላይ ሁሉ የመጻፍ ዕዳ የለብሽም። ሌላው፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ «መጽሐፉን የሰጠችኝ ደራሲዋ ናት፣ እንተዋወቃለን» ብለሽ ያየሽውን መጻፍ። ትውውቁን ደብቀሽ ካሞገስሽ ግን ቻናሉ አለቀለት። ጎንደር ጠባብ ናት፤ ማን ከማን ጋር ቡና እንደሚጠጣ ይታወቃል። የምትጽፊው መጽሐፉን ልግዛ አልግዛ ለሚለው ሰው ነው። ለደራሲዋ የሚጻፍማ ደብዳቤ ነው፣ እሱን በግል ላኪላት።

ስትጽፊ ሰውየዋን ተያት፣ መጽሐፉን ያዢ። «ደራሲዋ ፍቅር አታውቅም» ስድብ ነው። «ከምዕራፍ ስድስት ወዲህ ሁሉም ነገር በእሱ ዐይን ብቻ ስለሚታይ እሷ ምን እንዳሰበች አናውቅም» ማስረጃ ነው፤ የሚከራከርሽም ገጹን ገልጦ ይከራከር። ከማውጣትሽ በፊት ደውለሽ ንገሪያት። ጽሑፉን ግን ቀድመሽ አታስነብቢያት፣ ካስነበብሽ እርማቱ አያልቅም።

የማራኪዋ አንባቢ፦ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። መምህር፣ እርስዎ ያሉትን ማስታወሻዬ ላይ አስፍሬዋለሁ። አንድ ልጨምር፤ ደስ ያለኝን ገጽ ፎቶ አንስቼ ብለጥፍ ችግር አለው? ቻናሉን ሳልከፍት ከወዲሁ «ፒዲኤፉን ላኪልን» የሚሉኝም አሉ።

መልስ፦ ዕልባት

ፒዲኤፉን እርሺው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት የተጠበቀ ነው። ትናንት የወጣ መጽሐፍማ አያጠያይቅም። ብዙዎቹ ደራሲዎቻችን ተበድረውም ቢሆን በራሳቸው ገንዘብ ነው የሚያሳትሙት።

ጥቅስ ግን ሕጉ ራሱ ይፈቅዳል። ለአስተያየትሽ የሚያስፈልገውን ያህል ወስደሽ መጽሐፉንና ደራሲውን ጥቀሺ። አንድ አንቀጽ ከነገጽ ቁጥሩ ይበቃል። ከፎቶው ይልቅ በእጅሽ ብትተይቢው ይሻላል፣ ሰው ስልኩ ላይ ፎቶ አጉልቶ ለማንበብ ትዕግሥት የለውም።

ኮከብስ ትሰጫለሽ?

የማራኪዋ አንባቢ፦ ኮከቡ አልመቸኝም። ሁሉም አራት ይሆንብኛል። «ይገዛ»፣ «ይዋሱት»፣ «ይለፋችሁ» የሚሉ ሦስት ደረጃዎች አሰብኩ። የመጀመሪያውን እሑድ ማታ አወጣለሁ። የጓደኛዬን አይደለም፣ እሷን ገና አልደወልኩላትም።

ሻይ በዝንጅብል፦ «ይዋሱት» የምትይውን ለእኔ ያዢልኝ።

የአዘዞዋ፦ ከእኔ ቀጥሎ።